ስምንቱ ሳይመጣ ሲቀር፦ ከፍሎፕ በኋላ ስለ ጥንድ ካርታ

ዛሬ ስለ ፖከር የምናገረው ቁማርን ለማበረታታት አይደለም። ባልተሟላ መረጃ መወሰን ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል በቁጥር ስለሚያሳይ ነው።

የውርርድ ጣሪያ በሌለው ቴክሳስ ሆልደም ሁለት ስምንት ደርሶናል እንበል። ፍሎፕ የሚባሉት ሦስት የጋራ ካርታዎች ሲገለጡ ሌላ ስምንት የማግኘት ዕድላችን 11.8 በመቶ ገደማ ነው። ከመጣ ነገሩ ቀላል ነው፤ ገንዘቡን ማሳደግ ነው። ከስምንት የሚበልጥ ካርታ የመታየቱ ዕድል ግን 87 በመቶ ይጠጋል።

ንጉሥ፣ ሰባትና ሁለት ወጡ። መሃል ላይ 100 ቺፕ አለ፤ ተጋጣሚያችን 50 አስያዘ። 50 ከፍለን ድምሩ 200 ስለሚሆን፣ ሌላ ውርርድ ካልተከተለ 25 በመቶ የማሸነፍ ዕድል ይበቃናል። ኋለኛው ተራ የሚጠቅመው እዚህ ነው፤ በአራተኛው ካርታ ላይ ተጋጣሚያችን ቼክ ካለ እኛም ቼክ ብለን አምስተኛውን በነጻ እናያለን። ፊተኛው ተራ የእኛ ቢሆን ኖሮ ይህ ምርጫ በእጃችን አይሆንም ነበር።

ተማሪዎቼ አጥብቀው የሚከራከሩኝ ውርርዱን ስለ ማሳደግ ነው። «ደካማ መስለን ለምን እንታያለን?» ይላሉ። እኔ ደግሞ ማን ይከፍለናል ብዬ እጠይቃለሁ። ንጉሥ የያዘው ይከፍላል፤ ባዶ እጁን ያስፈራራን የነበረው ይሸሻል። ስለዚህ ልናሸንፈው የምንችለውን ሰው ራሳችን እናባርራለን።

ተጋጣሚያችን በአራተኛው ካርታ ላይ እንደገና ከፍ አድርጎ ካስያዘስ? ካላየናቸው 46 ካርታዎች ስምንት የሆኑት ሁለት ብቻ ናቸው። ሰውየው ደጋግሞ እንደሚያስመስል የምናውቅበት ምክንያት ከሌለን፣ እጃችንን እንጥላለን።