ይህ ቡና የማን ነው?

ዛሬ የፋብሪካ ሥራ እጅግ ረቂቅ ሆኗል። የተሰበረ አጥንት ማያያዣ በሚሆን ትንሽ ብሎን ላይ እንኳ በሌዘር ጨረር ቁጥር ሊቀረጽ ይችላል፤ ቁጥሩ በአጉሊ መነጽር ተነቦ ከመዝገብ ጋር ሲመሳከር፣ ብሎኑ የትና መቼ እንደ ተሠራ ይታወቃል።

ይህን አሳብ ይዘን ወደ ከፋ እንሻገር። የቡና ፍሬም ትንሽ ናት፤ ነገር ግን ቁጥር አይቀረጽባትም። የተፈለፈለች አንዲት ፍሬ 0.15 ግራም ያህል ብትመዝን፣ በ60 ኪሎ ጆንያ ውስጥ 400 ሺህ ፍሬ አለ ማለት ነው። ስለዚህ ምልክቱ የሚደረገው በጆንያውና በመዝገቡ ላይ ነው።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2001 ዓ.ም. ቡና ማገበያየት ሲጀምር፣ ቡናው በአካባቢውና በደረጃው ተመድቦ ከመሰሉ ጋር ተደባልቆ ይከማች ነበር። ይህ አሠራር ዋጋውን ለሁሉ ግልጽ አደረገ፤ የገበሬውን ስም ግን ሰወረ። በቅሎን «አባትህ ማነው?» ቢሉት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለ እንደሚባለው፣ ቡናውም «የማን ነህ?» ቢባል አካባቢውን ጠርቶ ዝም ይል ነበር።

አሁን ጠያቂው በርትቷል። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ያወጣው ሕግ፣ ቡና አስገቢው ነጋዴ የማሳውን ስፍራ በኬክሮስና በኬንትሮስ ቁጥር እንዲያሳይ፣ መሬቱም ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. ወዲህ ደን ተመንጥሮ የተገኘ እንዳይሆን ያዛል። ከ4 ሄክታር ለማይበልጥ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል። ሕጉ በሥራ የሚውልበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ቢራዘምም፣ ጥያቄው አልቀረም።

ይህ ለቦንጋ አካባቢ ገበሬ ቀላል ነገር አይደለም። የከፋ ምድር በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ የደኑ ቡና የሚበቅለው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ከሰማይ ሆኖ ፎቶግራፍ የሚያነሣው መሣሪያ የሚያየው ቅጠሉን ነው፤ ከሥሩ ያለውን ቡናና ባለቤቱን የሚያውቀው በእግሩ ሄዶ የሚመዘግብ ሰው ነው። ይህ ሰው አንድ አኃዝ ቢስት፣ ነጥቡ ከማሳው ወጥቶ በሌላ ሰው መሬት ላይ ሊያርፍ ይችላል። ያን ጊዜ ደኑን ጠብቆ የኖረው ገበሬ ደን መንጣሪ መስሎ ይታያል፤ ቡናውም ገዢ ያጣል።

ነገ በየወረዳው ጽሕፈት ቤት መዝገብ ይዛችሁ የምትቀመጡ ወጣቶች ይህን ልብ እንድትሉት እንወዳለን። ብሎኑ ቁጥሩን በገላው ተሸክሞ ይዞራል፤ ቡናው ግን ስሙን የሚያገኘው ከመዝጋቢው ታማኝነት ነው። ስለዚህ ጆንያው ከሌላው ሳይደባለቅ ጻፉ፤ የጻፋችሁትንም ለባለማሳው አንብቡለት።