ልጅዎ ኬጂ ሊገባ ነው? ከፊደል በፊት እነዚህን ያስለምዱት

ነሐሴ ሲገባ የየቤቱ ወሬ ምዝገባ፣ ዩኒፎርምና ክፍያ ይሆናል። ብዙ ወላጆችም «ሀ ሁ»ን፣ የእንግሊዝኛ ፊደልንና «አሊፍ፣ ባ»ን በአንድ ክረምት ለማስጨረስ ይሯሯጣሉ። የአራት ዓመት ልጅ ሁለቱን ከግራ፣ አንዱን ከቀኝ የሚጀምሩ ሦስት ፊደሎች በአንዴ ሲጫኑበት የሚያተርፈው መሰላቸትን ነው።

ባስተማርኩባቸው ዓመታት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሲቸገሩ ያየኋቸው ፊደል ያልቆጠሩትን አይደለም። ፊደሉን መምህሯ ታስተምራለች። የሚቸገረው ሽንቱ መጥቶ መናገር የፈራው፣ ምሳ ዕቃውን መክፈት ያቃተው ልጅ ነው። በረጠበ ሱሪ እስከ መውጫ ሰዓት የተቀመጠ ልጅ በማግስቱ «አልሄድም» ብሎ ቢያለቅስ አይገርምም።

እንዴት እናስተምር?

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቤታቸው ያደገው ዑመር ኢብኑ አቢ ሰለማ ሲበላ እጁ በሳህኑ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል ባዩ ጊዜ ሦስት ነገር አስተምረውታል፦ የአላህን ስም ማውሳት፣ በቀኝ እጅ መብላትና ከፊት ለፊት መብላት። ሐዲሡን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ትምህርቱ አጭር ነው፤ የተሰጠውም እዚያው ማዕዱ ላይ ነው። እኛም ረጅም ምክር ትተን ሥራው በሚሠራበት ሰዓት በጥቂት ቃል እናሳይ።

ሽንት ቤትና ጦሃራ

ሱሪውን ራሱ ማውለቅና መልበስ፣ በግራ እጁ በውሃ መታጠብ፣ ከዚያም እጁን በሳሙና መታጠብ ይልመድ። ቤት ውስጥ ቧንቧ ቢኖርም በጆግ ወይም በባዶ ሃይላንድ ይለማመድ፤ ትምህርት ቤት የሚያገኘው እሱን ሊሆን ይችላል። ከተቻለ ሽንት ቤቱን ቀድማችሁ አብራችሁ እዩት፤ መቀመጫ የለመደ ልጅ ቁጢጥ ማለት ሊያስፈራው ይችላል። ሐፍረተ ገላውን ማን እንዲያጥበው እንደሚፈቀድ በስም ንገሩት። ሌላ ሰው ከነካው ያለ ፍርሃት ለእናትና ለአባቱ መናገር እንዳለበትም ይወቅ።

ምሳ ዕቃ

ከመስከረም በፊት ምሳውን ቤት ውስጥ ከዚያው ከምሳ ዕቃው ይብላ። ክዳኑን ራሱ ይክፈት፣ ቢስሚላህ ብሎ ይጀምር፣ ሲጨርስ ይዝጋ። ልጆች ምሳ መቀያየር ይወዳሉና ስለ ሥጋ አስቀድሞ ይነገረው። የሚለው ቃል ቀላል ይሁን፦ «አመሰግናለሁ፣ የራሴ አለኝ»። የጓደኛውን ምግብ «ሐራም» እያለ እንዲያሸማቅቅ አናስተምረው። የሚጾም ክርስቲያን ጓደኛውንም «ብላ» ብሎ እንዳያስቸግር እንንገረው። ለመምህሯም በመጀመሪያው ቀን ጉዳዩን በትህትና አስረዱ።

ችግሩን መናገር

«ሽንቴ መጣ»፣ «ውሃ ጠማኝ»፣ «አሞኛል»፣ «እርዱኝ» የሚሉትን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይለማመድ። ቤት ውስጥ ስልጥኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ሌላ ቋንቋ የምትናገሩ ከሆነ ቋንቋችሁን አትተዉ፤ እነዚህን ጥቂት ቃላት ብቻ መምህሯ በምትሰማው ቋንቋ ጨምሩለት። «ቆይ፣ ቲቸር ትገርፍሃለች» የሚለው ማስፈራሪያ ግን ይቅር። መምህሯን እየፈራ የገባ ልጅ ችግሩን ለማን ይናገር?

እጅና ጣት

እርሳስ ለመያዝ ጣት መጠንከር አለበት። ሊጥ ማድቦልቦል፣ ባቄላ መፈልፈል፣ ቁልፍ መቆለፍና ጫማ ማድረግ ለዚህ በቂ ናቸው። ጥራጥሬ ወደ አፍንጫና ጆሮ እንዳይገባ ግን አጠገቡ ሁኑ።

የመለያየት ሰዓት

ልጁ ሳያይ ሹልክ ብሎ መጥፋት አመኔታውን ይሰብራል። አቅፋችሁ፣ ሰላምታ ሰጥታችሁ፣ የምትመለሱበትን በሚያውቀው ነገር ንገሩት፦ «ምሳ በልተህ ትንሽ ከተጫወትክ በኋላ እመጣለሁ»። ከዚያም በተባለው ሰዓት ተገኙ። ለልጅ የገባነውን ቃል መፈጸም ራሱ ተርቢያ ነው።

ሰላትን እንኳ ልጆቻችንን እንድናዝ የተነገረን ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ነው። ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ የማለማመጃ ነውና አንቸኩል። በቀን አንድ ነገር ብቻ፣ በእርጋታ ይበቃል።

አላህ ልጆቻችንን ሷሊሖች ያድርግልን። አሚን።