ወረቀቱ ከባቡሩ ይቅደም

ጠዋት ከአፉላ ባቡር ጣቢያ ወደ ሃይፋ ከሚሳፈሩት መሀል ወታደሮቹንና ተማሪዎቹን ትተን እናቶቻችንንና አባቶቻችንን ብናይ፣ ብዙዎቹ በእጃቸው የያዙት አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ በፕላስቲክ የተጠቀለለ የሕክምና ወረቀት። ጉዟቸው ለሽርሽር ወይም ለዘመድ ጥየቃ አይደለም። ባቡሩ ከቤት ሸአን ተነስቶ በአፉላ በኩል ሃይፋ ይገባል፤ ባት ጋሊም በሚባለው ጣቢያ የወረደ ሰው ራምባም ሆስፒታል በእግሩ ይደርሳል።

መስመሩ አሮጌ ነው። ቱርኮች በ1905 ሃይፋን ከሂጃዝ ባቡር ጋር ሲያገናኙ ሐዲዱ በዚሁ በሸለቆው በኩል አለፈ። ከዚያ ለብዙ አሥርት ዓመታት ተዘግቶ ቆየና በ2016 አዲሱ መስመር ተከፈተ። ለአካባቢያችን ሽማግሌዎች ትልቅ እፎይታ ነበር፤ አውቶቡስ መቀያየር ቀረ። የባቡሩ ዋጋም ብዙ አይደለም። ኪስ የሚጎዳው ከጉዞው ሳምንታት በኋላ በፖስታ ሣጥን ውስጥ የሚገኘው ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው በዕብራይስጥ ተጽፏል፤ የሚነበበው ቁጥሩ ብቻ ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ አንዳንዴ ከወር ጡረታው ግማሽ ይሆናል።

«እንዴ! በየወሩ ለጤና ከጡረታችን ይቆረጥ የለም እንዴ?» ይላሉ ሰዎች። ትክክል ነው፣ ይቆረጣል። ከ1995 መጀመሪያ ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የብሔራዊ ጤና ኢንሹራንስ ሕግ መሠረት እያንዳንዱ ነዋሪ ከአራቱ ኩፓት ሆሊሞች፣ ማለትም ከክላሊት፣ ከማካቢ፣ ከመኡሄዴት ወይም ከለኡሚት የአንዱ አባል ነው፤ የጤናውን ክፍያ ደግሞ ቢቱዋህ ለኡሚ ይሰበስባል። ነገር ግን ሕጉ «የፈለጋችሁበት ሄዳችሁ ታከሙ፣ ሂሳቡን እኛ እንችላለን» አይልም። የሚለው «በመንገዱ ከመጣችሁ እንከፍላለን» ነው። መንገዱ ደግሞ ወረቀት ነው።

ይህ ለሽማግሌዎቻችን ፈጽሞ እንግዳ ነገር አይደለም። በኢትዮጵያ ሳለን አቅም የሌለው ሰው ከቀበሌ የነፃ ሕክምና ወረቀት ይዞ ነበር ወደ ሆስፒታል የሚሄደው። ማኅተም ያለበትን ወረቀት ያልያዘ ሰው ገጠር ድረስ ተመልሶ ያመጣል እንጂ «ድሃ ነኝ» ስላለ ብቻ አይታመንም ነበር። እዚህም ሥራው ያው ነው። ልዩነቱ ያኔ ወረቀት የሌለውን ሰው በር ላይ ይመልሱት ነበር፤ እዚህ ያስገቡታል፣ ያክሙታል፣ ከዚያ ሂሳቡን ይልኩለታል።

ሁለት ወረቀቶች አንድ ይመስላሉ

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ሃፍናያንና ሂትሃይቩትን እንደ አንድ ነገር በመቁጠር ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ሃፍናያ ሐኪሙ የሚጽፈው ነው። «ይህ ሰው የልብ ስፔሻሊስት ይየው» ወይም «ይህ ምርመራ ይደረግላቸው» ይላል። ስለ ገንዘብ ምንም አይልም። ሂትሃይቩት፣ በሌላ ስሙ ቶፌስ 17፣ ኩፓት ሆሊሙ ለሆስፒታሉ የሚሰጠው ነው፤ «ለዚህ ሕክምና የምከፍለው እኔ ነኝ» የሚል ዋስትና ነው። ሃፍናያ ብቻ ይዞ ሃይፋ የሄደ ሰው የሐኪም ቃል ይዟል፤ ዋስ ግን የለውም።

አንዲት ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት እንበል። የቤተሰብ ሐኪማቸው ሃፍናያ ጻፈላቸው። ልጃቸው ስልክ ደውላ ሆስፒታል ቶር ያዘችላቸው። በቀኑ በባቡር ሄደው ተራቸውን ጠብቀው መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ጸሐፊዋ ኮምፒውተሯን አይታ «ሂትሃይቩት አልደረሰንም» ትላለች። ቀጥሎ አንድ ወረቀት ታቀርብና «እዚህ ፈርሚ» ትላቸዋለች። እኚህ እናት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት የተነሱ ናቸው። ከኋላቸው ሰልፍ አለ። ሰው ማስቸገርም ነውር ነው ብለው ያደጉ ናቸው። ይፈርማሉ። የፈረሙት ኩፓት ሆሊሙ ካልከፈለ ራሳቸው እንደሚከፍሉ ነው።

እኔ ይህቺን ቅጽበት ከነገሩ ሁሉ በላይ አስባታለሁ። ትልቁ ሂሳብ የሚወለደው እዚያች መስኮት ላይ ነው፤ ትሕትናችን ደግሞ ያግዘዋል። ያልገባንን ወረቀት አለመፈረም ጸብ አይደለም። «ቆይ፣ መጀመሪያ ኩፓት ሆሊም ልደውል» ማለት ይቻላል። ብዙ ጊዜ ኩፓት ሆሊሙ ጉዳዩን አይቶ ሂትሃይቩቱን እዚያው በኮምፒውተር ሊልከው ይችላል። ካልሆነም ቀኑን ማስቀየር ይሻላል፤ የአንድ ቀን ድካም ከሺህ ሸቀል ዕዳ ይቀላል።

ወረቀቱ ቢኖርም ማየት የሚገባ ነገር አለ። ቶፌስ 17 የሆስፒታሉ ስም፣ የሕክምናው ዓይነትና እስከ መቼ እንደሚያገለግል ይጻፍበታል። ቶሩ በሁለት ወር ከተገፋ ወረቀቱ ጊዜው ሊያልፍበት ይችላል። «ቢኩር» ማለትም ለጉብኝት ብቻ የተሰጠ ከሆነ፣ ስፔሻሊስቱ እዚያው «አንድ ምርመራ እንጨምር» ሲል ያ ምርመራ ሌላ ሂትሃይቩት ሊጠይቅ ይችላል። የሆስፒታሉ ስምም ቀላል ነገር አይደለም። አፉላ ውስጥ ያለው ሃኤሜቅ ሆስፒታል የክላሊት ነው፤ ራምባም የመንግሥት ነው። ኩፓት ሆሊሞች አባሎቻቸውን የት እንደሚልኩ የራሳቸው ስምምነት አላቸው፤ አንዱ ሆስፒታል የተፈቀደለት ሰው ሌላው ላይፈቀድለት ይችላል። ሰው ራምባምን ከፈለገ የሚጠይቀው ባቡር ከመሳፈሩ በፊት ነው። ከተከለከለም ምክንያቱን በጽሑፍ መጠየቅና ይግባኝ ማለት መብቱ ነው።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚሉት አባቶቻችን ይህን ነገር ከእኛ በፊት ያውቁታል። ጸሐፊዋ በስልክ «ሃኮል ብሴዴር» ብትልም የተላከው ወረቀት ኮፒው ይሰጠኝ ማለት ነው።

ሚዩን

ሌላው ደብዳቤ የሚመጣው ከሚዩን ነው። ያለ ሃፍናያ በራሱ ተነስቶ ሚዩን የሄደና ሳይተኛ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ክፍያ ይጠየቃል። ዋጋው በየጊዜው ይስተካከላል፤ አሁን ወደ አንድ ሺህ ሸቀል ገደማ ነው። ማኅበረሰባችን ውስጥ ይህ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ማታ ነው። ቀን የልጆችን ሥራ ላለማስፈታት ሕመምን ችሎ ይዋላል። ልጅ ከሥራ ሲመለስ «እማዬ ፊትሽ ምን ሆነ?» ይልና መኪና ያስነሳል። ጥሩ ልጅ ነው፤ ግን ያች ሰዓት የኩፓት ሆሊሙ ክሊኒክ የተዘጋባት ሰዓት ናት።

የስልኩ መስመር ግን አይዘጋም። ክላሊት በ*2700፣ ማካቢ በ*3555፣ መኡሄዴት በ*3833፣ ለኡሚት በ*507 ይገኛሉ። ያመመውን ነገር ነግሮ ምክር መጠየቅ፣ ሐኪም ይየው ካሉ የማታ ሐኪም ያለበትን ቦታ መጠየቅ፣ ሚዩን ይሂድ ካሉ ደግሞ «ሃፍናያውን ላኩልኝ» ማለት ይገባል። ይህች ዓረፍተ ነገር ሺህ ሸቀል ታድናለች ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ያለ ሃፍናያም ቢሆን የማይከፈልባቸው ጉዳዮች አሉ። ሆስፒታል የተኛ ሰው አይከፍልም። አዲስ የአጥንት ስብራት፣ የትከሻ ወይም የክርን ውልቃት፣ መሰፋት ያለበት ቁስል፣ ዓይን ውስጥ የገባ ባዕድ ነገር፣ ምጥ፣ ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ትኩሳት፣ ዳያሊሲስ ላይ ያለ ሰው፣ ሁሉም ነፃ ናቸው። ከመንገድ ወይም ከሕዝብ ቦታ በድንገተኛ ነገር በአምቡላንስ የተወሰደ ሰውም እንደዚሁ። አንድ አባት በአፉላ ባቡር ጣቢያ መድረክ ላይ ድንገት ወድቀው አምቡላንስ ቢወስዳቸው፣ ሃፍናያ ስላልያዙ የሚዩኑን ክፍያ ሊጠየቁ አይገባም። ደብዳቤው ግን ሊመጣ ይችላል። መቃወም ያለበት የሚያውቀው ነው፤ የማያውቀው ይከፍላል።

አምቡላንሱ ራሱ ሌላ ሂሳብ ነው። ሰውየው ከተኛ ኩፓት ሆሊሙ ይሸፍናል፤ ካልተኛ ለራሱ ይመጣበታል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ሚዩን ውስጥ አልጋ ላይ ማደር ብቻውን መተኛት ላይባል ይችላል። መተኛት የሚባለው ማህላካ ሲገቡ ነው።

ደብዳቤው ከመጣ በኋላ

ሁለት ስህተት አይቻለሁ። አንዱ ሳይጠይቁ መክፈል ነው፤ «የመንግሥት ዕዳ ይዤ አልሞትም» ብሎ። ሌላው ከባሰ፣ መሳቢያ ውስጥ መክተት ነው። ያልተከፈለና ያልተመለሰ ሂሳብ ለጠበቃ ይተላለፋል፤ ከዚያ ወደ ሆጻኣ ላፖአል ይሄዳል። ወጪ ተጨምሮበት ዕዳው ያብጣል፣ የባንክ ሂሳብም ሊታገድ ይችላል። መልስ መስጠት ያለበት ቶሎ ነው።

ደብዳቤውንና ከሆስፒታል ሲወጡ የተሰጠውን ሚክታቭ ሺክሩር ይዞ ኩፓት ሆሊም መሄድ የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ከነፃዎቹ ጉዳዮች አንዱ መሆኑ የሚታየው በዚያ የመውጫ ወረቀት ላይ ነው፤ ስለዚህ እሱን መጣል ገንዘብ መጣል ነው። ኩፓት ሆሊሙ እምቢ ካለ በጤና ሚኒስቴር የጤና ኢንሹራንስ ሕግን የሚመለከት የሕዝብ ቅሬታ ሰሚ አለ፤ በ*5400 ይጠየቃል።

መድኃኒት ላይም የሚቀር ገንዘብ አለ። ከእርጅና ጡረታው ጋር ሃሽላማት ሃኽናሳ የሚቀበሉ ሰዎች በጤና ቅርጫቱ ውስጥ ላሉ መድኃኒቶች ግማሽ ዋጋ ቅናሽ አላቸው። በእርጅና ዘመናቸው የመጡ ብዙ ወላጆቻችን እዚህ ውስጥ ናቸው። ፋርማሲው ቅናሹን መቀነሱን ደረሰኙ ላይ ማየት ነው። 72 ዓመት የሞላው ሰው ደግሞ ጥርሱን በኩፓት ሆሊሙ በኩል በትንሽ ክፍያ ማሳከም ይችላል፤ ይህን ሳያውቁ የግል ጥርስ ሐኪም ዘንድ በብድር የሚከፍሉ ሽማግሌዎች አሉ። በስልክ ኢንሹራንስ ለሚሸጡት ግን መልሱ አጭር ይሁን፤ የተዑዳት ዜሁትን ቁጥር በስልክ አለመስጠት። ምን ኢንሹራንስ እንዳለን፣ ሁለት ጊዜ እየከፈልን እንደሆነም የገንዘብ ሚኒስቴሩ «ሃር ሃቢቱዋህ» ላይ ልጆች ሊያዩልን ይችላሉ።

ስለ ልጆች ካነሳሁ አንድ ነገር ልበል። የእኔ ትውልድ የአያቶቹን ደብዳቤ እያነበበ ነው ያደገው፤ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኖ ሐኪምና አያት መሀል ቁጭ ብሎ የተረጎመ ብዙ ነው። የጤና ሚኒስቴር ግን በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት ቋንቋና ባህልን ያገናዘበ አገልግሎት እንዲሰጡ አዟል፤ አማርኛም ከቋንቋዎቹ አንዱ ነው። «ጤና ብሪዩት» የሚባለው የማኅበረሰባችን ድርጅትም በዚሁ ጉዳይ ለዓመታት ሲሠራ ቆይቷል። ክሊኒክ ውስጥ አስተርጓሚ መጠየቅ ልመና አይደለም፤ አያት የማሕፀን ወይም የፕሮስቴት ሕመሟን ወይም ሕመሙን በልጅ ልጅ አፍ መናገር የለባቸውም።

የምፈራው ነገርም አለ። ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው «እንግዲያው ሃፍናያ ካልያዝኩ አልንቀሳቀስም» ብሎ ቤቱ እንዳይቀር። ደረት ሲጨመቅ፣ ትንፋሽ ሲያጥር፣ ፊት በአንድ ወገን ሲጣመም፣ እጅ አልነሳ ሲል፣ ንግግር ሲተሳሰር ሂሳብ አይታሰብም። በአንጎል የረጋ ደምን የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ «ልጄ ከሥራ እስክትመለስ» ብሎ የጠበቀ ሰው ያችን ሰዓት ሊያጣት ይችላል። እንዲህ ዓይነቱ ሕመምተኛ አብዛኛውን ጊዜ ስለሚተኛ ሚዩኑም አምቡላንሱም በኩፓት ሆሊሙ ይሸፈናል። የሚደወለው 101 ነው። ስልኩን ያነሳው ሰው አማርኛ ባይሰማ እንኳ የመንገዱን ስም፣ የቤቱን ቁጥርና ፎቁን በዕብራይስጥ መናገር ያስፈልጋል፤ ዛሬ ማታ ከልጅ ልጅ ጋር ተቀምጦ እነዚያን ሦስት ነገሮች ማጥናት ይቻላል።