በደጋ አገር ቤት ለሚያሠራ ሰው፥ ስለ ሲሚንቶ ሥራና ስለ ሥራ ተቋራጭ ውል



ቤት ማሠራት ለባላገር ሰው የዕድሜ ሥራ ነው። ብዙ ዘመን የተጠራቀመው የእህልና የከብት ዋጋ፥ ወይም በሰው አገር የሚደክም ልጅ የላከው ገንዘብ፥ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ድንጋይና ሲሚንቶ ሆኖ ይቀራል። ሥራው የቀና እንደ ሆነ ለልጅ ልጅ ይተርፋል፤ የተበላሸ እንደ ሆነ ግን ገንዘቡም ድካሙም አይመለስም። ስለዚህ በአቀስታ፥ በመካነ ሰላምና በአካባቢው ደጋ የሚኖር ሰው ሥራ ተቋራጭ ከመያዙ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባውን ነገር በአጭሩ እንገልጻለን። እናንተም ማንበብ ለማይችለው ጎረቤታችሁ እንድታስረዱት እንለምናለን።

1ኛ፤ ሲሚንቶ ምን እንደ ሆነ

አባቶቻችን ድንጋይን ከድንጋይ የሚያያይዙት በጭቃና በኖራ ነበር። የጎንደር አብያተ መንግሥት በ17ኛው መቶ ዓመት በኖራ የተገነቡ ናቸው፤ እስከ ዛሬም ቆመው ይታያሉ። ዛሬ የምናውቀውን ሲሚንቶ ግን በ1824 ዓ. ም. እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ጆሴፍ አስፕዲን የተባለ እንግሊዛዊ ግንበኛ በስሙ አስመዘገበው። ወደ አገራችንም የሲሚንቶ ፋብሪካ መጀመሪያ የገባው በኢጣልያ ወረራ ዘመን በድሬዳዋ ነው። ከዚያ በኋላ የሙገር ፋብሪካ በ1976 ዓ. ም. ሥራ ጀመረ፤ በ2017 ዓ. ም. ደግሞ በሰሜን ሸዋ በለሚ ታላቅ ፋብሪካ ተመረቀ።

ብዙ ሰው ሲሚንቶ እንደ ጭቃ በመድረቅ የሚጠነክር ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ጭቃ የሚጠነክረው ውሃው ሲወጣለት ነው፤ ሲሚንቶ ግን የሚጠነክረው ውሃውን ጠጥቶ ከራሱ ጋራ ሲያዋሕደው ነው። ስለዚህ ፈጥኖ ቢደርቅ ኃይሉን ያጣል፤ ቢበርደው ይዘገያል፤ ውሃው በውስጡ በረዶ ቢሆንበት ግን ይሰበራል። ከዚህ በታች የምንናገረው ምክር ሁሉ ከዚህ ከአንዱ ነገር የተነሣ ነው።

2ኛ፤ ብርድ ስለሚያመጣው ጉዳት

አቀስታ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ከፍ ያለ አገር ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ጥርት ያለ ስለሚሆን የምድር ሙቀት ወደ ሰማይ ይወጣል፤ ውርጭም ይወርዳል። ሲነጋ ደግሞ ፀሐዩ ይበረታል፥ ደረቅ ነፋስም ይነፍሳል። ስለዚህ አዲስ የፈሰሰ አርማታ ሌሊት በውርጭ፥ ቀን በድርቀት ይጎዳል።

ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሲሚንቶው ሥራውን ሊያቆም ይቀርባል። በውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሲሆን ከመቶ 9 እጅ ያህል ይሰፋል፤ ገና ያልጸናውንም አካል ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ክፋቱ ይህ ነው፤ በረዶው ሲቀልጥ ከላይ ሲያዩት ደኅና ይመስላል፤ ጥቂት ወር ቆይቶ ግን በሚስማር ቢጭሩት እንደ ዱቄት ይበናል።

ይህ በእኔ በጸሐፊው ደርሶብኛል። በታኅሣሥ ወር የቤቴን ወለል የያዘው ሠራተኛ ወደ ሌላ ሥራ ለመሄድ ቸኵሎ ስለ ነበር፥ ሲመሽ አፍስሶ ሳይሸፍነው ሄደ። ሁለት ሌሊት ውርጭ መታው። እኔም መልኩን ብቻ አይቼ ዋጋውን ጨርሼ ከፈልሁ። ለፋሲካ ቤቱ ሲጠረግ ወለሉ ከመጥረጊያው ጋራ ተነሣ። ሰውየውን ብጠይቀው ጥፋቱን በሲሚንቶው አመካኘ፤ እኔም የምይዘው ጽሑፍ አልነበረኝም። የቸኰለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ፥ ወለሉን ሁለተኛ አሠራሁት።

እንደ ሩስያና እንደ ካናዳ ባሉ አገሮች ምድሩ ራሱ ከአንድ ሜትር በላይ ጠልቆ ስለሚረጋ፥ መሠረት ከዚያ በታች ይቈፈራል። በእኛ ደጋ ግን ውርጩ ከምድር ፊት አያልፍም። የእኛን መሠረት የሚጎዳው ጥቁር አፈር ነው፤ በክረምት ያብጣል፥ በበጋ ይሰነጠቃል፥ ግድግዳውንም ይዞ ይሰነጥቃል። ስለዚህ ጥቁሩ አፈር አልቆ ጽኑው ምድር እስኪገኝ ድረስ መቈፈር ይገባል እንጂ፥ በክንድ ልክ ብቻ ቈፍሮ መጀመር አይገባም።

3ኛ፤ ስለ ወቅትና ስለ ጥንቃቄ

ለአርማታ ሥራ የተሻለው ጊዜ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ውርጭ ሳይበረታ፥ ይኸውም ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ነው። ሁለተኛው ጊዜ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ነው፤ ነገር ግን የበልግ ዝናብ ድንገት እንዳይመታው መሸፈኛ አዘጋጅቶ መጠበቅ ያሻል።

በውርጭ ወራት መሥራት ግድ ከሆነ እንዲህ ይደረግ። ሥራው ፀሐይ ምድርን ካሞቀ በኋላ ይጀመር፥ ከቀትር ብዙ ሳያልፍም ይፈጸም። ውርጭ ያለበት አሸዋና ጠጠር አይቀላቀል። የሚቀላቀለው ውሃ ለብ ይበል። ሲመሽ በፈሰሰው ላይ ላስቲክ ይነጠፍ፤ በላዩም ገለባና ጆንያ በርከት ተደርጎ ይደረብ። ጠዋት ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ተገልጦ በሞቃቱ ሰዓት ውሃ ይጠጣ፤ ማታ ግን ውሃ አይፍሰስበት። ይህ ጥበቃ በደኅናው ወራት 7 ቀን፥ በብርድ ወራት 14 ቀን ይሁን። ከራስ በላይ የሚፈስ አርማታ የተሸከመው ጣውላና አጣና ከ3 ሳምንት በፊት አይነሣ፤ በብርድ ወራት ከዚያም ይቈይ። በዚህ ነገር የሚቸኵል ሰው በሰው ነፍስ ላይ ይፈርዳል።

4ኛ፤ ስለ ልክ

ለቤት ወለል የሚበቃው ልክ 1 ሲሚንቶ፥ 2 አሸዋ፥ 4 ጠጠር ነው። ብረት ለሚገባበት ምሰሶና አግዳሚ ግን 1 ለ2 ለ3 ይሁን። ልኩ በአካፋ አይሰፈርም፤ አካፋ አንድ ጊዜ ይሞላል አንድ ጊዜ ይጐድላልና። ወርዱ 40፥ ርዝመቱ 50፥ ከፍታው 18 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ከጣውላ ቢሠራ፥ 50 ኪሎ የሚመዝን አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ያህል ይይዛል። ውሃው ለአንድ ከረጢት ከ25 እስከ 30 ሊትር ነው፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ይቀነሳል። ሠራተኛ እንዲቀለው ውሃ ሲያበዛ ዝም ብሎ ማየት ሲሚንቶን መጣል ነው።

አሸዋው አፈር እንዳለበት ለማወቅ በጠርሙስ ውሃ ውስጥ ጨምሮ በጥብጦ ማሳደር ነው፤ በላዩ ወፍራም ጭቃ ቢረጋ አሸዋው ሳይታጠብ አይሠራበትም። ሲሚንቶውም ከመሬት ከፍ ባለ ጣውላ ላይ ይቀመጥ፤ ጓል ሆኖ በእጅ የማይፈርስ ከሆነ አይገባም። ሲሚንቶ ቈዳን ያቃጥላል፥ ዓይንንም ይጎዳል፤ ልጆች በባዶ እግራቸው እንዳይረግጡት ይጠበቁ።

መምህራን ይህን በሒሳብ ትምህርት ቢያስተምሩት መልካም ነው። ርዝመቱ 5፥ ወርዱ 4 ሜትር የሆነ ክፍል ወለሉ 10 ሳንቲ ሜትር ቢወፍር፥ 5 በ4 በ0.10 ሲባዛ 2 ሜትር ኩብ ይሆናል። በ1 ለ2 ለ4 ልክ ለዚህ 13 ከረጢት፥ ማለት 6 ኩንታል ተኩል ያህል ሲሚንቶ ይበቃል። ልጁ ይህን ማስላት ከቻለ፥ 20 ከረጢት የሚጠይቅ ወይም በ6 ከረጢት እጨርሳለሁ የሚል ሰው አባቱን አያታልለውም።

5ኛ፤ ስለ ተቋራጭ አመራረጥ

የሥራ ተቋራጭ በአፉ አይመረጥም፥ በዋጋ ማነስም ብቻ አይመረጥም። ከ2 ወይም ከ3 ዓመት በፊት የሠራውን ቤት ሄዶ ማየት፥ ባለቤቱንም መጠየቅ ይገባል፤ ሁለት ክረምት ያለፈበት ግድግዳ አይዋሽምና። ወለሉን በሚስማር ጫር፤ የግድግዳውን ቅንነት በቱምቢ፥ የወለሉን በውሃ ልክ እይ። ደግሞ «በውርጭ ወር ብታፈስስ ምን ታደርጋለህ?» ብለህ ጠይቀው። ገለባና ላስቲክ የማያነሣ ሰው የቆላን ሥራ እንጂ የደጋን ሥራ አላወቀም። ዘወትር በሥራው ላይ የሚቆመው እርሱ ራሱ ወይስ ሌላ ሰው እንደ ሆነም አስቀድሞ ይታወቅ።

6ኛ፤ ስለ ውል

ውሉ በጽሑፍ ይሁን። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1727 እንደሚያዝዘው፥ በጽሑፍ የሚደረግ ውል ተዋዋዮቹና ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበታል። በውሉ ውስጥ የቤቱ ልክ፥ የሲሚንቶው መጠን፥ የመሠረቱ ጥልቀት፥ ሥራው የሚጀመርበትና የሚፈጸምበት ቀን፥ ዕቃውን የሚያቀርበው ማን እንደ ሆነ፥ ዋጋውም የእጅ ብቻ ወይስ ከነዕቃው እንደ ሆነ ይጻፍ። ከውርጭ የሚጠብቅበት መሸፈኛ በማን ወጪ እንደሚገዛም አይረሳ።

አስቀድሞ የሚሰጠው ገንዘብ ቀብድ ነው ወይስ የዋጋው ቅድሚያ ክፍያ ነው የሚለው በግልጥ ይጻፍ። በሕጉ ቍጥር 1885፥ ሌላ ስምምነት ከሌለ፥ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ ግን እጥፉን ይመልሳል። የቀረው ዋጋ በሥራው ደረጃ ይከፈል፤ መሠረቱ ሲፈጸም፥ ግድግዳው ሲቆም፥ ጣራው ሲመታ፥ ልስኑ ሲያልቅ። የመጨረሻው ክፍያ ሥራው ተመርምሮ እስኪታወቅ ድረስ ይቈይ።

ከሁሉ ይልቅ ይህን አስተውሉ። በሕጉ ቍጥር 3039፥ ሥራ ተቋራጭ የሠራውን ቤት ካስረከበበት ቀን ጀምሮ እስከ 10 ዓመት ድረስ ለሥራው ደኅንነትና ለቤቱ ጽናት ኀላፊ ነው፤ ጥፋቱ ቤቱ ከተሠራበት ከመሬቱ ጠባይ የመጣ ቢሆንም እንኳ ያው ነው። ይህን ዘመን የሚያሳጥር ውል ዋጋ የለውም። እኔ ይህን ሳላውቅ ዝም ብዬ ቀረሁ፤ እናንተ ግን ዕወቁ። ርክክቡ የተደረገበትም ቀን ተጽፎ ይቀመጥ።

7ኛ፤ ስለ ቤቱ ሙቀት

ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ በጭቃና በጭድ ተለስኖ ሙቀት ይይዛል፤ ቀጭን ብሎኬትና ባዶ ቆርቆሮ ግን ሌሊት ይበርዳል። ስለዚህ አዲስ ቤት የሚያሠራ ሰው ለኮርኒስ የሚሆን ገንዘብ ያስቀር፤ ሰፊውንም መስኮት ወደ ፀሐይ ያዙር። ደግሞ ከሣር ቤት ጭስ ይወጣል፥ ከተደፈነ የሲሚንቶ ቤት ግን አይወጣም። ከሰል የሚነድድበትን ምድጃ ወደ መኝታ አግብቶ በር ዘግቶ መተኛት ሽታ በሌለው መርዝ ቤተ ሰብን ሁሉ ይገድላል። ብርዱን በብርድ ልብስ መከላከል ይሻላል።

እንግዲህ የተከበራችሁ አንባቢዎች፥ በመንደራችሁ ቤት ሊያሠራ የተነሣ ሰው ብታዩ፥ ውሉ ሳይፈረም ይህን አንብባችሁ አሰሙት። ከወለሉ መበላሸት በኋላ የሚሰጥ ምክር ለሌላው እንጂ ለእርሱ አይጠቅመውምና።