ደባርቅ ላይ የማኪያቶ ማሽን እንዴት ይሠራል?

ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ዳባት ላይ ጥቂት ከፍ ይላል። ደጋ ላይ የባቄላ ንፍሮ የጣደ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ውሃው እየተንተከተከ ባቄላው አልበስል ይላል። የማኪያቶ መነሻ ለሆነው ኤስፕሬሶ ደግሞ አብዛኛው ባለሙያ የሚመርጠው ከ92 እስከ 96 ዲግሪ የጋለ ውሃ ነው።

በ90 ዲግሪ ከሚፈላ ውሃ 94 ዲግሪ የሚገኘው በግፊት ነው። የማሽኑ ቦይለር የተዘጋ በመሆኑ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ውሃውን ይጫነዋል፤ የተጫነ ውሃ ሳይፈላ ይግላል። ባሪስታው እጀታውን አውልቆ ቁልፉን ሲጫን ውሃው እየተንጣጣና እየጨሰ የሚወጣው ለዚህ ነው። ማሽኑ ተበላሽቶ አይደለም፤ ከ90 በላይ የጋለው ውሃ ከግፊቱ ሲላቀቅ ከፊሉ ወዲያው እንፋሎት ይሆናል። እጀታው ሲገጠም ግን ፓምፑ 9 ባር በሚደርስ ግፊት ውሃውን በተጠቀጠቀው ቡና ውስጥ ይገፋዋል፤ ያን ጊዜ ውሃው አይፈላም፣ ቡናውም በ25 እና በ30 ሰከንድ መካከል ይወርዳል።

ግፊቱ ከመጀመሪያው እንዲህ አልነበረም። አንጀሎ ሞሪዮንዶ እ.ኤ.አ. በ1884 ቱሪን ላይ፣ ሉዊጂ ቤዜራም በ1901 የፈጠራ መብት ያወጡባቸው ማሽኖች ውሃውን የሚገፉት በእንፋሎት ብቻ ነበር፤ ጉልበቱ ትንሽ፣ ቡናውም የማረር ጣዕም ያለው። አኪሌ ጋጂያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሞላ ያለበት ማንሻ አመጣ። ባሪስታው ማንሻውን ወደ ታች ሲስብ ሞላው ይታመቃል፤ ሲለቀው ሞላው ውሃውን ይገፋል። ከላይ የሚቀመጠው ወርቃማ አረፋ የመጣው ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የፋኤማ ኩባንያ ኢ-61 የተባለው ማሽን በሞላው ፋንታ የኤሌክትሪክ ፓምፕ አስገባ፤ የዛሬዎቹ ማሽኖች አብዛኞቹ የእሱ ልጆች ናቸው።

ገዢ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ማሽኑ ባለ ስንት እጅ እንደሆነ ነው። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ ቦይለሩ ነው። በብዙዎቹ ማሽኖች ቦይለሩ አንድ ነው፤ ለወተቱ እንፋሎት ይሰጣል፣ በውስጡ የሚያልፍ ቱቦ ደግሞ የቡናውን ውሃ ያሞቃል። የቡናው ሙቀት እንግዲህ በቦይለሩ ሙቀት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ችግሩ የቦይለሩ የግፊት መለኪያ፣ ጌጁ፣ የሚለካው ግፊት ከውጭው አየር በላይ ያለውን ብቻ መሆኑ ነው። ማሽኑ ከመርከብ በሚወርድበት ጂቡቲ መርፌው 1.2 ባር ላይ ሲቆም ቦይለሩ ውስጥ 123 ዲግሪ ገደማ አለ። ደባርቅ ላይ ያው መርፌ እዚያው ቆሞ ሙቀቱ 119 ገደማ ነው። ቡናው ሳይታወቅ ይቀዘቅዛል፣ ይኮመጥጣል፤ ሰው ግን ቆሎ አደረገው ብሎ ቆዪውን ወይም ነጋዴውን ይወቅሳል። ቴክኒሻን ግፊቱን ወደ 1.5 ባር ቢያስጠጋው ልዩነቱ ይካካሳል፤ የደኅንነት ማስተንፈሻው ግን አስቀድሞ ይፈተሽ። ሁለት ቦይለር ያላቸውና የቡናውን ሙቀት በዲግሪ የሚሞሉላቸው ማሽኖች ይህ ጣጣ የለባቸውም። ዋጋቸው ግን ለአንዲት የመንገድ ዳር ቡና ቤት ከባድ ነው።

መብራት ከሄደ ፓምፕ ያለው ሁሉ ይቆማል። በጋዝ የሚሞቅ ባለ ማንሻ ማሽን ግን ይቀጥላል፤ ግፊቱን የሚሰጠው ሞላው ነውና። አሮጌ ነው ተብሎ ሲናቅ አይቻለሁ፤ ለዚህ አገር ግን አይናቅም። ፈጭቶ፣ ጠቅጥቆ፣ አፍልቶ በአንድ ቁልፍ የሚሰጠው ዓይነት ለሆቴል ቁርስና ለቢሮ ይሆናል፤ ሲበላሽ ጠጋኙ የሚፈለገው ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ከሆነ ግን ይታሰብበት።

ያገለገለ ማሽን የሚገዛ ሰው ገንዘብ ከመቁጠሩ በፊት ማሽኑን አስሙቆ ይሞክረው። የእንፋሎቱን ቧንቧ ግማሽ ደቂቃ ያህል ከፍቶ መርፌውን ይመልከት፤ ወርዶ ቶሎ ካልተመለሰ ማሞቂያው ደክሟል ወይም ነጭ የውሃ ኖራ ተጋግሮበታል። ከዚያ እጀታውን ቀዳዳ በሌለው ማጣሪያ ዘግቶ ፓምፑን ያስነሳ፤ የፓምፑን ግፊት የሚያሳየው የሁለተኛው ጌጅ መርፌ 9 አካባቢ መድረስ አለበት፣ በጎን በኩልም ጠብታ መውጣት የለበትም። የሚያንጠባጥበው ጎማው ብቻ ከሆነ ይገዛ፤ ጎማ በቀላሉ ይቀየራል።