ቲምፕሲላን ከዱር ግብጦ ስለ መለየት

ልጆች ሆይ፥ በሰሜን አሜሪካ መካከል ፕሬሪ የሚባል እጅግ ሰፊ የሣር ሜዳ አለ። በዚያ አገር የሚኖሩት የላኮታ ሰዎች ከጥንት ዠምረው ከመሬት ቈፍረው የሚበሉት አንድ የዱር ተክል አላቸው፤ ስሙንም ቲምፕሲላ ይሉታል። ስሙ ለአፋችን ይከብዳል እንጂ ወገኑ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሜሪዌዘር ሉዊስ የሚባል አሜሪካዊ በፈረንጅ ቍጥር በ1805 ዓመት የሚዙሪን ወንዝ ተከትሎ ሲጓዝ ይህን ተክል አይቶ መልኩን በመዝገቡ ጻፈ።

ተክሉ ትንሽ ነው፤ ቁመቱ ከአንድ ክንድ አያልፍም። በሣር መካከል ስለሚበቅል የቸኰለ ሰው ረግጦት ያልፋል።

ወገኑን የሚገልጠው አበባው ነው። የባቄላን ወይም የአተርን አበባ ቀርባችሁ ብትመለከቱ፥ ከአምስቱ የአበባ ቅጠሎች አንዱ ሰፍቶ ወደ ላይ ይቆማል፤ ሁለቱ እንደ ክንፍ በግራና በቀኝ ይሆናሉ፤ የቀሩት ሁለቱም ተጣብቀው እንደ ታንኳ ከታች ይቀመጣሉ። የቲምፕሲላም አበባ እንዲሁ ነው። ቀለሙ ሰማያዊ ሲሆን እየጠወለገ ሲሄድ ይገረጣል። ቅጠሉ ደግሞ አምስት ሆኖ ከአንድ ዘንግ ጫፍ እንደ እጅ ጣት ይዘረጋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በዚያው ሜዳ የዱር ግብጦ ይበቅላልና፤ የእርሱም ቅጠል እንደ ጣት የተዘረጋ፥ አበባውም ሰማያዊ ነው። ግብጦ መርዝ እንዳለበት የጎጃም ሰው ያውቃል፤ ቈልቶ ብዙ ቀን በውሃ ሳይዘፈዝፍ አይበላውም። የፕሬሪውም ግብጦ በግ የሚገድልበት ጊዜ አለ። እንግዲህ ቅጠሉን ብቻ አይቶ አወቅሁት የሚል ሰው ራሱን በአደጋ ላይ ይጥላል።

የቲምፕሲላን አገዳና የቅጠሉን ዘንግ ረጅም ነጭ ጠጕር ይሸፍነዋል፤ በእጅ ሲዳስሱት ይታወቃል። አበባው አጭርና ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ የግብጦ አበባ ግን እንደ ረጅም ዘለላ ሆኖ ይቆማል። በቲምፕሲላ ፍሬ ውስጥ አንዲት ዘር ብቻ ትገኛለች፤ በግብጦ ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ናት። ከሁሉ ይልቅ የሚያረጋግጠው ሥሩ ነው፤ እንደ ዶሮ እንቍላል ያበጠ፥ ቡናማና ወፍራም ልጥ የለበሰ፥ ሲላጥም ውስጡ ነጭ ነው። የግብጦ ሥር እንዲህ አያብጥም።

ሥሩን ልጠው ቀጭን ጅራቱን እንደ ሹሩባ እየጐነጐኑ ሰቅለው ያደርቁታል፤ ለክረምትም ይሆናል፤ ፈጭተውም ዱቄት ያደርጉታል።

የሚቈፈርበት ጊዜ አጭር ነው፤ ሰኔ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ አገዳው ደርቆ ከመሬት ላይ ይቈረጣል፤ ነፋስም እያንከባለለ ዘሩን ይበትነዋል። ዘግይቶ የመጣ ሰው ሥሩ ከእግሩ በታች ሳለ ምልክት አጥቶ ይመለሳል። አዲሱ ተክል ለመቈፈር እስኪደርስ ጥቂት ዓመታት ይፈጃልና፥ አዋቂ ቈፋሪ ሥሩን ከወሰደ በኋላ ዘር የያዘውን ራስ በጕድጓዱ መልሶ አፈር ያለብሰዋል።