«ይሄ ብረት ለአስፋልት ነው»፦ ስለ ፊት ስታቢላይዘር የሚወራውና እውነታው

ላንድክሩዘሩን፣ ፓትሮሉን ወይም ጂፑን ከፍ ያስደረገ ሰው አንድ ምክር ሳይሰማ ከጋራዥ አይወጣም። «ጋሼ፣ የፊቱን ስታቢላይዘር አውጥተን እንጣለው። ይሄ ብረት ለአስፋልት ነው የተሠራው፤ ኮረኮንች ላይ ትርፉ መንገጫገጭ ነው።» ሥራው ጥቂት ብሎን መፍታት ነው፤ ውጤቱም ወዲያው ይሰማል። መኪናው ጉድጓድ ሲገባ እንደ በፊቱ ተሳፋሪውን ግራና ቀኝ አይወረውርም። ባለቤቱ ደስ ይለዋል፣ ለጓደኛው ይነግራል፣ ጓደኛውም ሄዶ ያስወጣል።

በዚህ ሁኔታ ስታቢላይዘሩ የወጣለት አንድ ላንድክሩዘር በጎኑ ተኝቶ አይቻለሁ። ቦታው ገደል አልነበረም፣ ጠመዝማዛም አልነበረም፤ ቀጥ ያለ አስፋልት ነው። ሹፌሩ አህያ ላለመግጨት መሪውን ወደ ግራ አጥፎ ወዲያው ወደ ቀኝ ሲመልስ መኪናው አልመለስ አለው። ፖርቶ መጋላው ላይ ትርፍ ጎማ፣ ድንኳንና ውኃ የሞሉ ጄሪካኖች ነበሩ። ሆዱ ወደ መንገዱ ዞሮ ስለነበር የፊት ስታቢላይዘሩ መቀመጫዎች ባዷቸውን ይታያሉ፤ የብሎኖቹን ቀዳዳ የደረቀ ጭቃ ሞልቶታል። ብረቱ ቢኖር ኖሮ አይገለበጥም ነበር ብዬ መማል አልችልም። ፍጥነቱም፣ ጭነቱም፣ የተጨመረው ከፍታም የየራሳቸው ድርሻ ነበራቸው። ነገር ግን በዚህ ሁሉ ላይ ያን ብረት ማውጣት ምን እንደሚያስከትል ለሹፌሩ የነገረው ሰው አልነበረም። የነገሩት ምቾቱን ብቻ ነው።

ስታቢላይዘር የግራውንና የቀኙን ጎማ በሻንሲው ሥር አሻግሮ የሚያገናኝ፣ ሁለት ጫፉ የታጠፈ የብረት ዘንግ ነው። ሁለቱ ጎማዎች እኩል ሲነሡና እኩል ሲወርዱ ሥራ የለውም፤ መቀመጫው ውስጥ ዝም ብሎ ይዞራል። አንዱ ተነሥቶ ሌላው ሲወርድ ግን እንደሚጨመቅ ልብስ ይጠመዘዛል፤ ብረት ስለሆነም መጠምዘዙን ይቃወማል። መኪና ሲታጠፍ አካሉ ወደ ውጭ ያጋድላል፤ የውጭው ጎማ ወደ አካሉ ይጠጋል፣ የውስጡ ይርቃል። ያን ጊዜ ከሞላው ጋር ሆኖ ማጋደሉን የሚገታው ይህ ዘንግ ነው።

አሁን ለምክሩ የሚገባውን እንስጠው። አንድ የፊት ጎማ ትልቅ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ስታቢላይዘሩ ሌላውንም አብሮ ለማንሣት ይታገላል። ያኛው ጎማ መሬት ይለቅቃል፤ ዲፍረንሻሉ የማይቆለፍ ከሆነም አየር ላይ የተንጠለጠለው ጎማ በከንቱ ይሽከረከራል፣ መኪናውም ይቆማል። በአንድ ወገን ብቻ የሚመጣን ጉድጓድ ወደ ሌላው ወገን የሚያሻግረውም እሱ ነው። ስለዚህ በድንጋያማ ወንዝ ውስጥ በዝግታ ለሚሳብ መኪና የተፈታ ስታቢላይዘር ይጠቅማል። ፋብሪካዎቹም ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ዶጅ በ2005 ፓወር ዋገን ላይ፣ ጂፕም በ2007 ራንግለር ሩቢኮን ላይ የፊት ስታቢላይዘሩን በቁልፍ የሚያላቅቅ መሣሪያ ገጥመዋል።

ምክር ሰጪዎቹ ይህን ሲጠቅሱ ግማሹን ይተዋሉ። የሩቢኮኑ መሣሪያ ብረቱን የሚያላቅቀው መኪናው በአራት ጎማ ሲነዳ ብቻ ነው፤ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 29 ኪሎ ሜትር ሲጠጋ ደግሞ ሹፌሩን ሳይጠይቅ ብረቱን መልሶ ለማያያዝ ይሞክራል። ቶዮታም በ2007 በወጣው ላንድክሩዘር 200 ላይ ችግሩን የፈታው ብረቱን በመጣል አይደለም። የፊትና የኋላውን ስታቢላይዘር በሃይድሮሊክ አገናኝቶ ድንጋይ ላይ እንዲለቁ፣ መታጠፊያ ላይ እንዲይዙ አደረጋቸው። ይህን ሁሉ ወጪ ያወጡት ብረቱ በፍጥነት ላይ አስፈላጊ ስለሆነ ነው።

የ29 ኪሎ ሜትሩ ወሰንም ያለ ምክንያት አልተቀመጠም። መኪናን መታጠፊያ ላይ ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ያው መታጠፊያ በ20 ኪሎ ሜትርና በ80 ኪሎ ሜትር ሲታለፍ ልዩነቱ 16 እጥፍ ነው። ከጋራዡ ወጥቶ ሰፈር ውስጥ አንድ ዙር የነዳ ሰው «ምንም ለውጥ የለውም» ቢል ዋሽቷል አልልም፤ በዚያ ፍጥነት በእርግጥም ምንም አይታይም። ሰዎች የሚሳሳቱት በሰፈር ፍጥነት የፈተኑትን መኪና ሰባት ሰውና የሳምንት ስንቅ ጭነው ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁለት ይዘውት ሲወርዱ ነው።

በቁጥር ላሳይ። የአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር ከ2001 ሞዴል መኪናዎች ጀምሮ ለመገልበጥ አደጋ ደረጃ ሲሰጥ የሚነሣው ከአንድ ቀላል ስሌት ነው፦ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ስፋት ግማሹ፣ ለመኪናው የክብደት ማዕከል ከፍታ ይካፈላል። ውጤቱ ለአብዛኞቹ የቤት መኪናዎች ከ1.3 እስከ 1.5፣ ለረጃጅሞቹ ከ1.0 እስከ 1.3 ይሆናል። የጎማዎቹ ስፋት 150 ሴንቲ ሜትር፣ የክብደት ማዕከሉ 75 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለ አንድ መኪና በምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሩ 1.0 ነው። ሞላውን ቀይረን 10 ሴንቲ ሜትር ስናነሣው አክስሎቹ ባሉበት ስለሚቀሩ ማዕከሉ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ቢል ቁጥሩ ወደ 0.90 ይወርዳል። ፖርቶ መጋላው ላይ 100 ኪሎ ስንጭን 0.85 አካባቢ እንደርሳለን። ይህ ሁሉ መኪናው ሳያጋድል ነው። ስታቢላይዘር የሌለው አካል መታጠፊያ ላይ 8 ዲግሪ ቢያጋድል የክብደት ማዕከሉ ወደ ውጭ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ የቀረን 0.77 ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ የገጠር ጎማ ሊይዝ የሚችለውም ከዚህ ብዙም አይርቅም። እዚያ ሲደርስ መኪናው ተንሸራትቶ መትረፉ ቀርቶ ወደ መገልበጥ ይጠጋል። ቁጥሮቹ በየመኪናው ይለያያሉ፤ አቅጣጫቸው ግን በሁሉም አንድ ነው።

ብዙ መካኒክ የማያነሣው ሌላ ነገር አለ፤ ለእኔ ከማጋደሉም የከፋው እሱ ነው። መኪና ሲታጠፍ ከውስጥ ጎማዎች ወደ ውጭ ጎማዎች የሚሻገር ክብደት አለ። መጠኑን የሚወስኑት ፍጥነቱ፣ ከፍታውና ስፋቱ ናቸው። የፊትና የኋላ ጎማዎች እንዴት እንደሚካፈሉት የሚወስነው ግን የትኛው ወገን ማጋደልን አጥብቆ ይቃወማል የሚለው ነው። ፋብሪካው ፊቱን ጠንከር የሚያደርገው ሆን ብሎ ነው፤ ጎማው መሬት የመያዝ አቅሙ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚንሸራተተው ፊቱ እንዲሆን። ፊቱ ሲንሸራተት ሹፌር በደመ ነፍስ ነዳጁን ይለቃል፣ ክብደት ወደ ፊት ይመጣል፣ ጎማው እንደገና ይይዛል። የፊቱን ስታቢላይዘር አውጥተን የኋላውን ስንተው ሸክሙን ወደ ኋለኛው የውጭ ጎማ አዛወርነው፤ አሁን መጀመሪያ የሚለቀው የኋላው ሊሆን ይችላል። ኋላው ሲወረወር ነዳጅ መልቀቅ ነገሩን ያባብሰዋል። አሸዋ የተበተነበት ፒስታ ላይ፣ የጭነቱ ብዛት ከኋላ በሆነበት መኪና፣ ይህ በአንድ ቅጽበት የሚሆን ነገር ነው።

ለአህያ፣ ለበግ ወይም ለልጅ ሲባል መሪ ሲጠመዘዝ ደግሞ የሚጥለው በአብዛኛው ሁለተኛው ጥምዘዛ ነው። መጀመሪያ ወደ ግራ ሲታጠፍ አካሉ ወደ ቀኝ ይወድቃል፤ ገና ሳይመለስ መሪው ወደ ቀኝ ሲዞር ሞላው የያዘውን ኃይል ይለቅና መኪናው በሁለቱ ድምር ወደ ግራ ይወረወራል። በ1997 ስዊድን ውስጥ መርሴዲስ ኤ-ክላስን የገለበጠው ፈተና ይህንኑ የሚመስል ነበር፤ ኩባንያው ሽያጩን አቁሞ ተሽከርካሪውን ለማረም ተገድዷል። ያ ፋብሪካ ያመረተው፣ ምንም ያልተፈታለት መኪና ነው።

«ታዲያ የድሮው ላንድሮቨርስ? የ1970ው ሬንጅ ሮቨርስ? ስታቢላይዘር አልነበራቸውም።» እውነት ነው፤ አልነበራቸውም። ነገር ግን መሐንዲሶቹ ሞላውን፣ አክስሉንና የፊትና የኋላውን ሚዛን ያለ ብረቱ እንዲሠራ አድርገው ሠርተውታል። ሬንጅ ሮቨርም ቢሆን ቆይቶ ስታቢላይዘር ተገጥሞለታል። ባሌስትራ ያለው መኪናም ባሌስትራው ራሱ ማጋደልን በመጠኑ ስለሚይዝ ከባለ ሞላው ጋር አይነጻጸርም። ያለ ብረቱ የታሰበ መኪናና ብረቱ የተነቀለለት መኪና የተለያዩ ናቸው።

ጠንካራ ሾክ አብዞርበር ይተካዋል የሚባለው ስሕተት ነው። ሾክ አብዞርበር የሚቃወመው የእንቅስቃሴን ፍጥነት ነው። ረጅም መታጠፊያ ላይ አካሉ ቀስ ብሎ ከማጋደል አይከለከልም፤ ትንሽ ዘግይቶ እዚያው ይደርሳል። ከፍ የሚያደርገው አዲሱ ሞላ ጠንካራ ስለሆነ ይበቃል የሚሉም አሉ። ሞላው በእርግጥ ይረዳል፤ የክብደት ማዕከሉም ግን አብሮ ወጥቷልና ከረዳው ላይ ይቀንሳል። መሪ በኃይል የሚንቀጠቀጠው በስታቢላይዘሩ ነው የሚለው ደግሞ ከነጭራሹ መነሻ የለውም። የፓንሃርድ ዘንጉን ጎሚኒ፣ የመሪ ዘንጎቹን ጫፍና የጎማውን ባላንስ አስፈትሹ። በተቃራኒው ወገን፣ ስታቢላይዘር ካለ መኪና አይገለበጥም ብሎ የሚያምን ሰውም ተሳስቷል፤ ብረቱ ከፍታን አይቀንስም፣ ፖርቶ መጋላ ላይ የተጫነን ውኃም ወደ ታች አያወርድም።

ብረቱ በብዛት የሚወጣበት እውነተኛው ምክንያት ሌላ ይመስለኛል። መኪናው ከፍ ሲል ስታቢላይዘሩን ከአክስሉ ጋር የሚያገናኙት አጫጭር ሊንኮች አይደርሱም። ብረቱ ወደ ታች ተጎትቶ ይቆማል፣ ጎሚኒው ይበላል፣ እያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ያንቋቋል። ባለቤቱ ድምፁን ጠልቶ ይመጣል፤ ትክክለኛውን ሊንክ ከመፈለግ መፍታቱ ይቀላል፤ ከዚያ «ለአስፋልት ነው» የሚለው ማብራሪያ ይከተላል። ከፍ የማድረጊያ ዕቃ አሟልቶ የሸጠ ሰው የሊንኩን ነገር አለመንገሩ ይቅር የማይባል ነው።

መፍትሔው ርካሽና ቀላል ነው። መኪናው ከፍ ባለበት ልክ የረዘመ ሊንክ ይገጠም፤ ወይም የስታቢላይዘሩ መቀመጫ በዚያው ልክ ዝቅ ይደረግ። መኪናው ሜዳ ላይ ጭነቱን ይዞ ሲቆም የብረቱ ክንድ ከመሬቱ ጋር ትይዩ ለመሆን መጠጋት አለበት። አለት ላይ መሥራት ለሚወድ ሰው በእጅ የሚነቀል ፒን ያለው ሊንክ አለ፤ አለቱ ሲያልቅ አስፋልት ከመድረሱ በፊት ተመልሶ ይሰካል። ሊንኩ ሲጠብቅ መኪናው በክሪክ ተሰቅሎ ሳይሆን በጎማዎቹ ቆሞ ይሁን፤ አለዚያ ጎሚኒው ተጠማዞ ይያዝና ቶሎ ይቀደዳል። ከዚያ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ሁለቱም ወገን አዙሮ፣ አንዱንም ጎማ ድንጋይ ላይ አውጥቶ፣ ብረቱ የፍሬን ቱቦውን ወይም ጎማውን እንደማይነካ በዓይን ማየት ያስፈልጋል።